የነጂው እንጀራ፤ ጠጥቶ መንዳትን የከለከለው ሕግ ታሪክ

በ1897 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 10 ቀን (በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) ከእኩለ ሌሊት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ በለንደን ከተማ ኒው ቦንድ ስትሪት በሚባለው የባለጸጎች ጎዳና፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄድ አንድ የኪራይ ሠረገላ ወዲያና ወዲህ ሲዋልል ቆይቶ የእግረኛውን መንገድ ተሻገረና ከቁጥር 165 ቤት ጋር ተላተመ፤ የውሃውን ቧንቧ ሰበረ፣ የመስኮቱንም ጠርዝ አፈረሰ። ነጂው ጆርጅ ስሚዝ የሚባል የ25 ዓመት ጐልማሳ ነበር፤ ፖሊስ ይዞ ከዳኛ ፊት ባቀረበው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ብርጭቆ ቢራ መጠጣቱን ሳይደብቅ ጥፋቱን አመነ፣ በሽልንግ የሚቈጠር መቀጮም ተፈረደበት። ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ሰክሮ በመንዳት የተያዘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው እየተባለ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። እኔን ግን ከቀዳሚነቱ ይልቅ የሚገርመኝ ሙያው ነው፤ ይህ ሰው ለሽርሽር የወጣ የመኳንንት ልጅ ሳይሆን፣ የዕለት እንጀራውን ከዚያው ከመሪው የሚያገኝ የታክሲ ነጂ ነበረና። ከዚያ ወዲህ ሕጉ በብዙ አገር ብዙ ጊዜ ቢታደስም፣ ክንዱ ከሁሉ አብልጦ የሚከብደው በዚሁ ዐይነት ሰው ላይ ሆኖ ቀርቷል።

በዚያ ዘመን እንግሊዞች የነበራቸው ድንጋጌ አውቶሞቢል ከመታየቱ አስቀድሞ በ1872 የወጣው የመጠጥ ፈቃድ ሕግ ነበር፤ እርሱም በአደባባይ መንገድ ላይ ሠረገላ ወይም ፈረስ ወይም የቀንድ ከብት ወይም የእንፋሎት ሞተር ይዞ ሰክሮ የተገኘውን ሰው፣ ጥይት የጐረሰ ጠመንጃ ይዞ ከሰከረው ጋር አንድ ላይ ቈጥሮ፣ እስከ 40 ሽልንግ መቀጮ ወይም እስከ አንድ ወር እስራት ይወስንበታል። ዛሬ ይህን ዝርዝር የሚያነብ ሰው ላምና የእንፋሎት ሞተር በአንድ አንቀጽ መታጨቃቸውን አይቶ ፈገግ ይል ይሆናል፤ ሕግ አውጪዎቹ ግን የዘመናቸውን መንገድ እንዳዩት ጻፉት። የቅጣቱም መቅለል ያለ ምክንያት አልነበረም። ጌታው ቢሰክር ፈረሱ አይሰክርም፤ የለንደን ባለጋሪ ልጓሙን ለቆ ቢያንቀላፋም እንስሳው የጋጣውን መንገድ ያውቀዋል፣ በእኛም አገር ከጠጅ ቤት አምሽቶ የሚመለሰውን ስንቱን ባላባት በቅሎዋ ከነክብሩ ከደጁ አድርሳዋለች። የስሚዝ ሠረገላ ግን የሚያስብለት ፈረስ አልነበረውም።

ስለ መቀጮው ይህን ያህል ካልን፣ ለጉዳያችን ዋና ወደ ሆነው ወደ ወረቀቱ እንለፍ። የዛሬው ሥራ ፈላጊ የሚፈራው መዝገብ ከኮምፒዩተር ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል፤ ነገር ግን ከስሚዝም በፊት የነበረ ነገር ነው። በ1843 ለለንደን የኪራይ ሠረገላዎች በወጣው ሕግ መሠረት፣ የሠረገላው ባለቤት ነጂ በቀጠረ ጊዜ የነጂውን የፈቃድ ወረቀት ተቀብሎ እስከሚያሰናብተው ድረስ በእጁ እንዲያቆይ ይገደድ ነበር፤ ነጂውም ተከሶ ጥፋተኛ የተባለ እንደ ሆነ ዳኛው የፍርዱን ዐይነትና የመቀጮውን ልክ በዚያው ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ታዞ ነበር። የዚህን ሥርዓት ብልኀት ልብ ይሏል፤ ነጂው ከአንዱ ጌታ ወጥቶ ወደ ሌላው ለመግባት የሚያቀርበው ወረቀት ያንኑ ጥፋቱ የተጻፈበትን ነውና፣ መቀጮውን ከፍሎ ከዳኛው ፊት ዞር ያለ ሰው በእያንዳንዱ አዲስ ጌታ ደጅ እንደ ገና ለፍርድ ይቆማል። በባሕሩ ማዶም በአሜሪካ የባቡር ሐዲድ ኩባንያዎች «ደንብ ጂ» የሚሉት ነበራቸው፤ እርሱም ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለ አስካሪ መጠጥ እንዳይቀምስ ከመከልከሉ ሌላ፣ ወደ መጠጥ ቤት መመላለሱ ብቻ ከሥራ ለመባረር በቂ ምክንያት እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህ የመንግሥት ሕግ አልነበረም፣ የአሠሪ ሕግ እንጂ። እንግዲህ ከጥንቱ ሁለት ፍርድ ነበረ፤ አንደኛው የዳኛው ሲሆን ልክና መጨረሻ አለው፣ ሁለተኛው የቀጣሪው ሲሆን ልኩም መጨረሻውም በቀጣሪው ፈቃድ ይወሰናል። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ እነዚህ ሁለቱ ቀስ በቀስ እንዴት አንድ እንደ ሆኑ የሚናገር ነው።

አውቶሞቢል በበዛ ጊዜ በአሜሪካ የኒው ጀርዚ ግዛት በ1906 ሰክሮ የሚነዳውን እስከ 500 ዶላር መቀጮ ወይም እስከ 60 ቀን እስራት የሚቀጣ ሕግ አወጣ፤ ኒው ዮርክ በ1910 ተከተለ። እንግሊዝም በ1925 ባወጣው የወንጀል ፍትሕ ሕግ መቀጮውንና እስራቱን ከማክበዱ በላይ መንጃ ፈቃዱን ለ12 ወር መንጠቅን ጨመረበት። ለባለመኪናው ይህ ዓመት የእግር ጉዞ ዓመት ነው፤ ለሾፌሩ ግን የረኃብ ዓመት ነው፣ ሕጉ ግን ሁለቱን በአንድ ቃል ይጠራቸዋል።

ይሁን እንጂ ለብዙ ዘመን ሕጉ በወረቀት ላይ እንጂ በፍርድ ቤት ብዙ አልጠነከረም፤ ምክንያቱም ስካር ምን እንደ ሆነ በእርግጥ የሚናገር አልነበረም። ፖሊሱ እስትንፋሱ መጠጥ መጠጥ ይል ነበር ብሎ ይመሰክራል፤ ሐኪሙ በኖራ በተሰመረ መስመር ላይ ያስኬደዋል፣ ስሙን ያስጽፈዋል፣ ምላስ የሚያደናቅፍ ዐረፍተ ነገር ያስደግመዋል። ገንዘብ ያለው ተከሳሽ የራሱን ሐኪምና ጠበቃ አምጥቶ ድካም ነው፣ ድንጋጤ ነው ያሰኛል። ለመፍረድ የተቀመጡትም ተራ ዜጎች ብዙዎቹ ራሳቸው ትናንት ማታ ከግብዣ እየነዱ የተመለሱ ስለ ነበሩ፣ ነግ በኔ እያሉ ይለቁታል። እኔ እንደሚመስለኝ በዚያ ዘመን ሕጉ ሳያወላዳ የደረሰባቸው ጠበቃ የሌላቸው ነጂዎች ብቻ ናቸው።

ከዚህ ጭንቅ ያወጣቸው የስዊድን ሊቅ ነው። በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሪክ ቪድማርክ በ1922 ከጣት ጫፍ በተወሰደ ጥቂት የደም ጠብታ ውስጥ ያለውን የአልኮል ልክ ለይቶ የሚያሳውቅ ዘዴ አወጣ፤ ሰውነት መጠጡን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያስወግደውም በስሌት አስረዳ። በዚህ ዕውቀት ተመርኩዛ ኖርዌይ በ1936 ከዓለም ሁሉ ቀድማ በደሙ ውስጥ ከሺህ እጅ ግማሽ እጅ በላይ አልኮል የተገኘበት ነጂ፣ ቢንገዳገድም ባይንገዳገድም፣ ጥፋተኛ ነው የሚል ሕግ አወጀች፤ ስዊድንም በ1941 ከሺህ እጅ 0.8 ብላ ተከተለች። በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ሮላ ሃርገር ደግሞ ደም መቅዳት ሳያስፈልግ እስትንፋስን በፊኛ ተቀብሎ ሐምራዊ በሆነ የኬሚካል ውሕድ ውስጥ በማሳለፍ፣ ከቀለሙ መለወጥ የመጠጡን ልክ የሚያውቅ «ድራንኮሜትር» የተባለ መሣሪያ ሠራ፤ የኢንዲያናፖሊስ ፖሊሶችም በ1938 በዘመን መለወጫ ዋዜማ ሌሊት አደባባይ አወጡት። በማግስቱ ዓመት የኢንዲያና ግዛት ከመቶ እጅ 0.15 የስካር ወሰን ነው ብላ ደነገገች። በ1954 በዚያው ግዛት ፖሊስ ውስጥ በፎቶግራፍ ሥራ የጀመረው ሮበርት ቦርከንስታይን ከሃርገር መሣሪያ የቀለለውንና ማንኛውም ፖሊስ ሊሠራበት የሚችለውን «ብሬዝአላይዘር» ፈጠረ።

እነዚህ ሊቃውንት ያደረጉት ከሚታሰበው ይበልጣል። ቀድሞ «ሰክሮ ነበር» የሚለው ቃል የምስክር አስተያየት ነበር፤ አስተያየትም በቦታው የነበረ ሰው የሚናገረው፣ ያልነበረም የሚጠራጠረው ነው። ቁጥር ግን ከቦታ ቦታ ይጓዛል። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ መንገድ ዳር የተነበበ ቁጥር ከዐሥር ዓመት በኋላ ነጂውን አይቶት በማያውቅ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ፣ የዚያን ሌሊት ነገር ሁሉ ትቶ ራሱን ብቻ ይዞ ይገኛል። ዳኛው ከጥርጣሬ ሲድን ቀጣሪውም አብሮ ዳነ።

በእንግሊዝ አገር ቁጥሩ የነገሠው በ1967 ነው። የመጓጓዣ ሚኒስትር የነበረችው ባርባራ ካስል በ100 ሚሊሊትር ደም ውስጥ 80 ሚሊግራም አልኮል የሚለውን ወሰንና የመንገድ ዳር የትንፋሽ ምርመራን በሕግ አጸደቀች፤ ከኦክቶበር 9 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ረገሟት፤ ሴት ናት፣ ራሷም መኪና አትነዳም፣ ስለዚህ ነገር ምን ታውቃለች እያሉ በጋዜጠኛ አፍ ሳይቀር ዘለፏት። በመጀመሪያው ዓመት ግን በመንገድ የሚሞተው ሰው ከ1,100 በላይ ቀነሰ፤ ለዚህ መልስ የሚሰጥ አልተገኘም። ስለ ነጂው እንጀራ የምጽፈው ይህን ቁጥር ረስቼ እንዳይመስል እዚህ ላይ መናገር ይገባኛል። በእንግሊዝ ጠጥቶ የነዳ ሰው የጥፋቱ ምልክት እስከ ዛሬ በመንጃ ፈቃዱ መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቈያል፤ በ10 ዓመት ውስጥ ሁለተኛ የተያዘ ሰው ቢያንስ 3 ዓመት ከመንዳት ስለሚታገድ፣ መዝገቡ ከዚያ ወሰን አንድ ዓመት እንዲተርፍ ተደርጎ ነው። የ1843ቱ የፈቃድ ወረቀት መንፈስ፣ ልብስ ለውጦ፣ አለ ማለት ነው።

አሜሪካኖች ነገሩን ከልብ የያዙት ዘግይተው ነው። በሜይ 1980 በካሊፎርኒያ የ13 ዓመት ልጇን ሰካራም ነጂ የገደለባት ካንዲስ ላይትነር፣ በሰካራም ነጂዎች ላይ የተነሡ እናቶችን ማኅበር አቋቋመች፤ የእናቶቹም ልቅሶ ምክር ቤቶቹን አንቀሳቀሰ። በ1984 የመጠጫ ዕድሜ 21 ዓመት እንዲሆን፣ በ2000 ደግሞ ወሰኑ ከመቶ እጅ 0.08 እንዲሆን የፌዴራሉ መንግሥት የመንገድ ገንዘብ በመከልከል ግዛቶቹን አስገደደ፤ በ2004 ሁሉም ተቀብለውት አበቃ። ዩታ በ2018 መጨረሻ ወደ 0.05 ዝቅ አድርጋ ብቻዋን ቀድማለች።

ለሙያ ነጂዎች የተለየ ሚዛን የተሰቀለላቸውም በዚሁ ዘመን ነው። በ1986 የወጣው የንግድ ተሽከርካሪዎች ደኅንነት ሕግ ለከባድ መኪናና ለአውቶቡስ ነጂ ወሰኑን 0.04 አደረገው፤ ማለትም ከተራው ባለመኪና የዛሬ ወሰን ግማሽ። የመጀመሪያው ጥፋት ለአንድ ዓመት፣ አደገኛ ጭነት ይዞ እንደ ሆነ ለሦስት ዓመት፣ ሁለተኛው ጥፋት ደግሞ ለዕድሜ ልክ ከሙያው ያግደዋል፤ የዕድሜ ልኩ እገዳ ከ10 ዓመት በኋላ ሊነሣ የሚችልበት መንገድ ቢኖርም። በኦገስት 1991 በኒው ዮርክ ዩኒየን ስኩዌር አጠገብ ሰክሮ የነበረ ነጂ የምድር ውስጥ ባቡር ከሐዲዱ አውጥቶ 5 ሰዎች በሞቱ ጊዜ፣ ምክር ቤቱ በጥቂት ወር ውስጥ ለደኅንነት የሚያሰጋ ሥራ የሚሠሩ የመጓጓዣ ሠራተኞች በድንገት የሚመረመሩበትን ሕግ አጸደቀ። በዚህም የባቡር ኩባንያዎቹ የጥንቱ «ደንብ ጂ» የመንግሥት ሕግ ሆነ። በ1999 በወጣው ሕግ ደግሞ ሁለት ነገር ተጨመረ፤ አንደኛ፣ የከባድ መኪና ነጂ በዕረፍት ቀኑ የገዛ ቤት መኪናውን ጠጥቶ ነድቶ ቢያዝ ጥፋቱ በሙያ ፈቃዱ ላይ እንዲቈጠርበት፤ ሁለተኛ፣ ዳኛ ለሌላው ሰው እንደሚያደርገው ጥፋቱን በምክርና በትምህርት ለውጦ ከመዝገብ እንዳይሸሽግለት። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮም አሠሪዎች ነጂ ከመቅጠራቸው በፊት የሚጠይቁት አገር አቀፍ ማኅደር ተከፍቷል፤ በመጠጥ ወይም በዕፅ ምርመራ የወደቀ ነጂ ቢያንስ 5 ዓመት በዚያ ተጽፎ ይኖራል።

የእነዚህን ድንጋጌዎች ምክንያት የሚያጣ ሰው የለም፤ 40 ቶን ጭኖ በሌሊት የሚነዳ ሰው እጁ እንዳይንቀጠቀጥ መፈለግ ጭካኔ አይደለም። የሚያስቸግረው ከነጂነት ውጭ ባለው ሥራ ላይ የደረሰው ነው። ፍርድ ቤቶች መዝገባቸውን በኮምፒዩተር ካኖሩ ወዲህ ያለፈ ታሪክ አጣርቶ መሸጥ ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ፤ የፌዴራሉ ሕግ ያለ ፍርድ የቀረ እስራት ከ7 ዓመት በኋላ እንዳይነገር ሲከለክል፣ ለተፈረደ ጥፋት ግን ወሰን አላበጀም፣ ካሊፎርኒያን የመሰሉ አንዳንድ ግዛቶች በራሳቸው ቢወስኑለትም። የሆስፒታል አስተዳዳሪው፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሰውየውን ስለ ጠሉት አይደለም የሚመልሱት፤ የመድን ኩባንያው ዋጋ ይጨምርብኛል፣ ነገ አንድ ነገር ቢደርስ እያወቅህ ቀጠርኸው ተብዬ እከሰሳለሁ ብለው ነው። ፍርሃታቸው በሕግ የተመሠረተ በመሆኑ ነቀፋ አይደርስበትም።

እዚህ ላይ የኒው ጀርዚ ነገር ያስገርማል። ሁሉን ቀድሞ ሕግ ያወጣው ይህ ግዛት ጠጥቶ መንዳትን እስከ ዛሬ የሚቈጥረው እንደ ትራፊክ ጥፋት እንጂ እንደ ወንጀል አይደለም፤ ስለዚህ በማመልከቻው ላይ «በወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃልን?» ተብሎ የተጠየቀ የኒው ጀርዚ ሰው ሳይዋሽ «የለም» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ወንዙን ተሻግሮ በፔንስልቬንያ በዚያው ልክ ጠጥቶ የተፈረደበት ጎረቤቱ ግን አይችልም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የንስሓ አባት ቀኖናውን በቀንና በስግደት ቈጥሮ ይሰጣል፤ ሲፈጸምም ይፈታል፣ ከዚያ ወዲያ ያንን ኃጢአት የሚያነሣ ራሱ ይበድላል። የዚህ መዝገብ ሊቃውንት ግን ማሰርን እንጂ መፍታትን ገና አልተማሩም። በ1975 የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የተፈረደበትን ሰው ሁሉ በጅምላ አልቀጥርም ባለው በሚዙሪ ፓስፊክ ባቡር ኩባንያ ላይ በፈረደበት ጉዳይ፣ ቀጣሪ የጥፋቱን ክብደት፣ ያለፈውን ጊዜና የሥራውን ዐይነት እንዲመዝን ሦስት መመዘኛ አስቀምጦ ነበር። በጎ ብይን ነው፤ ነገር ግን ሦስተኛው መመዘኛ ለጸሐፊና ለምግብ አብሳይ ሲበጅ ሾፌሩን አይረዳውም፤ የሥራው ዐይነት መንዳት ነውና።

በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩት ወገኖቻችን ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ያውቁታል። ብዙው ወደዚያ የመጣ ሐበሻ፣ በአገሩ የተማረውም ያልተማረውም፣ መጀመሪያ እንጀራ ያገኘው በታክሲ፣ በመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ወይም ከአውሮፕላን ማረፊያ ሰው በማመላለስ ነው፤ ሦስቱም ንጹሕ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃሉ። «ዲዩአይ አለበት» (ጠጥቶ የመንዳት ጥፋት አለበት ማለት ነው) የተባለ ሰው ኡበርም ሆነ ሊፍት አይቀበለውም፤ በብዙ ግዛቶች ሕግ፣ በቨርጂኒያም ጭምር፣ ካለፉት 7 ዓመታት ወዲህ ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ሰው በዚህ ሥራ ሊሰማራ አይችልም። የቨርጂኒያ ዳኛ ለመጀመሪያ ጥፋተኛ ወደ ሥራ መሄጃ የተወሰነ ፈቃድ ሊሰጠው ይችላል፤ ከ2012 ወዲህም መኪናው ውስጥ ትንፋሹን ካልለካ ሞተሩ የማይነሣ መሣሪያ እንዲያስገጥም ያዝዘዋል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በተገጠመበት ታክሲ ውስጥ ማን ተሳፋሪ ይቀመጣል?

ዜግነት ላላገኘው ደግሞ ከሥራው በላይ የሚያሰጋ አለበት። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004 በሌኦካል ጉዳይ፣ በፍሎሪዳ ጠጥቶ በመንዳት ሰው ያቈሰለው የሃይቲ ተወላጅ ጥፋት ሆን ተብሎ የተደረገ የኃይል ወንጀል ስላልሆነ በዚያ ምክንያት ከአገር ሊያስወጣው አይችልም ብሎ በአንድ ድምፅ ወስኖ ነበር። በ2015 ግን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በዚህ ጥፋት የተያዘን የቪዛ ባለቤት ገና ሳይፈረድበት ቪዛውን ሊሰርዝ እንደሚችል አሳወቀ፤ በ2019ም የፍትሕ ሚኒስትሩ፣ ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው ተቃራኒውን ካላስረዳ በቀር መልካም ጠባይ እንደ ሌለው ይገመታል ብሎ ወሰነ። ወደ ካናዳ ጭነት የሚያመላልሰውም ሾፌር፣ ካናዳ በዲሴምበር 2018 ይህን ጥፋት ከከባድ ወንጀሎች መካከል ካስገባችው ወዲህ፣ በድንበሩ ላይ ሊመለስ ይችላል።

ባለፉት ዓመታት ብዙ ግዛቶች ያለፈ ጥፋትን ከመዝገብ የሚፍቁ ሕጎች ሲያወጡ ጠጥቶ መንዳትን ለይተው ያስቀሩት አሉ። ሚሺጋን በ2020 እንዲሁ አስቀርታው ቆይታ፣ በ2021 ሐሳቧን ለውጣ ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ ሰው ያልተጐዳበት የመጀመሪያ ጥፋት፣ ቅጣቱ ከተፈጸመ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በዳኛ ፈቃድ እንዲሰረዝ ደነገገች። በዚህም መሠረት የተሰረዘለት ሰው ለመምህርነት ወይም ለመጋዘን ጸሐፊነት ሲያመለክት ነጭ ወረቀት ይዞ ይቀርባል። የሚሰረዘው ግን በወንጀል መዝገብ ያለው ብቻ ነው፤ በግዛቲቱ ጸሐፊ መሥሪያ ቤት የሚቀመጠው የመንዳት መዝገብ እንዳለ ይቈያል፣ ነጂ የሚፈልግ አሠሪም የሚጠይቀው ያንኑ ሁለተኛውን ነው።